ሟቹ የከፈለው ሻይ

ሊፍቱ ሊዘጋ ሲል ሰውየው ክንዱን አስገብቶ በሩን አስከፈተው። ገባ። ድርጭት ከምትባለው ሴት ጎን ቆመና እንደማያውቃት ሁሉ በሩ ላይ አፈጠጠ።

በሩ ተዘጋ።

ጥፍር የምታህል ፍላሽ ከመዳፏ ወደ መዳፉ አለፈች። ፊቱን አላዞረም።

«ግማሹ ነው» አለች።

«ሌላው ግማሽ?»

«ሁሉን አንድ ላይ አልይዝም።»

«እንግዲያው ነገ ምሳ ሰዓት። ወንዝ ዳር ያለው ምግብ ቤት። ይዘሽው ነይ፤ ከዚያ ወደ አገርሽ እመልስሻለሁ።»

«ምግብ ቤት ተገናኝተን አናውቅም።»

«የመጨረሻችን አይደል? በልተሽ ሂጂ ብዬ ነው።»

ሊፍቱ ቆመ። ሰውየው ወጣ። እሷ አንድ ፎቅ ጨምራ ወጣችና በደረጃ ወረደች።

«አጎት» ትለዋለች። በዚህ ከተማ አለቃዋም መውጫዋም እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው የሚያውቃት በባንኩ የካርድ ቅሬታ መስኮት የምትቀመጥ ዝምተኛ ሠራተኛ አድርጎ ነው። የመጣችው ግን አንድ የጦር መሣሪያ ነጋዴን ለመሰለል ነበር። ነጋዴው ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው በዚሁ ባንክ ነው፤ ከማን መጥቶ ወደ ማን እንደሚሄድ እየለቀመች ታስተላልፋለች።

መስኮቱን የመረጠላት «አናጢው» ነበር። በዕድሜው አንዲት ሚስማር መትቶ አያውቅም፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ። ሥራውን ከሀ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው። አምና መኪናው ገደል ገብታ ተቃጠለች። አጎት «ሬሳውን በዓይኔ አይቼዋለሁ» አላት። ቀብሩ ላይ ከሩቅ ቆማ ሳጥኑ ሳይከፈት ሲወርድ አየች። ማልቀስ አልተፈቀደላትም።

ከሊፍቱ ተመልሳ መስኮቷ ጋ ስትደርስ አንዲት ሴት ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ኮሌታዋ ላይ መርፌ ከነክሩ ሰክታለች።

ድርጭት ቀብሩ ላይ አይታታለች። የአናጢው ሚስት።

ሴትየዋ ግን አታውቃትም። ባሏንም የምታውቀው የመኪና መለዋወጫ ሻጭ አድርጋ ነው።

«ልጄ፣ ይቺን መስመር አስረጂኝ» አለች የባንክ ሂሳብ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ። «ይህን ድርጅት አላውቀውም።»

መስመሩ «ሐመር ጠቅላላ ንግድ» ይላል።

«እትዬ፣ ይሄ ብዙ ሰው ያደናግራል። እዚህ የሚወጣው ድርጅቱ የተመዘገበበት ስም ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈው ሌላ ሊሆን ይችላል። የሆነ ቦታ በልተው ረስተውት ይሆናል።»

«እኔ የምን ውጭ መብላት! ደግሞ በእኔ ካርድ አይደለም። በባለቤቴ ነው።»

«እሳቸውን ይጠይቋቸዋ» አለች ድርጭት። የማያውቅ ሰው የሚለው እንደዚያ ነው።

«ሞቷል። ዓመት አለፈው።»

«ነፍስ ይማር። ካርዱስ የት ነው?»

«ኪሱ ነበር። አብሮት ተቃጠለ ተባልኩ።»

«ሂሳቡን አልዘጉትም ማለት ነው?»

ሴትየዋ አቀረቀረች። «ስሙ ያለበት ወረቀት በየወሩ ይመጣልኛ። እሱን ሳይ ደስ ይለኛል። ሞኝነት ነው።»

ድርጭት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ክፍያውን ፈልጋ ከፈተችው። የንግዱ ዓይነት፣ ምግብ ቤት። አድራሻው፣ ወንዝ ዳር። ሂሳቡ፣ የአንድ ሻይ። ካርዱ ራሱ ማሽን ውስጥ ገብቷል፤ የሚስጥር ቁጥሩም በመጀመሪያው ሙከራ በትክክል ተመትቷል።

ወንዝ ዳር ያለው ምግብ ቤት አንድ ብቻ ነው።

የተቃጠለ ካርድ ሻይ አይከፍልም።

ለአንድ ሻይ ደግሞ ማን ካርድ ያወጣል? ወረቀት ላይ መታየት የፈለገ ሰው ካልሆነ በቀር። አናጢው ስለ ሚስቱ ሲያወራ ይስቅ ነበር። «የባንክ ወረቀት እንደ ደብዳቤ ነው የምታነበው። አንዲት ነገር ካልገባቻት ባንኩን ሳታምስ አትመለስም» ይል ነበር። እንደምትመጣ ያውቃል። የትኛው መስኮት እንደምትቀርብም ያውቃል።

መልእክቱ ለሚስቱ አልነበረም።

ለድርጭት ነው። አናጢው በሕይወት አለ። ሬሳውን አየሁ ያላት አጎት ዋሽቷታል። ዋሽቶም ነገ እዚያው ምግብ ቤት ጠርቷታል።

«ምን ይላል ልጄ?» የሴትየዋ ድምፅ ቀጠነ። «ሰው ሰርቆት ነው? ወይስ…»

አልጨረሰችውም። ድርጭት ዓይኗን ማየት አቃታት።

«አጣርቼ እነግርዎታለሁ። ከነገ ወዲያ ይምጡ። እስከዚያ ለማንም አይንገሩ።»

ለምሳ ስትወጣ መንገድ ቀያየረች። የሚከተላት እንደሌለ ስታረጋግጥ ከገበያው ጀርባ ያለ ፋርማሲ ገባችና መሠራት ያቆመ የዓይን ቅባት ጠየቀች። ባለ ፋርማሲው ቀና ብሎ አያት። ወደ ጓዳ አስገብቶ ስልክ ሰጣት። የሚጠራው ድንበር ማዶ፣ አገሯ ነው፤ አጎትንም ሌሎቹንም የምታዛቸው፣ ሁሉም «እሜቴ» የሚሏት ሴት ጋ።

«አጎት ሸጦናል» አለች ድርጭት።

«በምን አወቅሽ?»

የሻዩን ነገር ነገረቻት።

«የነጋዴው መረጃስ?»

«ሁለተኛው ግማሽ እኔ ጋ ነው። የመጀመሪያውንም ቅጂ አስቀርቻለሁ።»

«ለባለ ፋርማሲው ስጪው። ነገ ግን ትሄጃለሽ።»

«ወጥመድ ነው እኮ።»

«ከቀረሽ ይነቃና ይሰወራል። የሰዎቻችንን ስም ሁሉ ይዞ ነው የሚሰወረው። ባዶ ፍላሽ ይዘሽ ግቢ። ልጆቻችን ጓሮው ላይ ይሆናሉ።»

«አናጢውስ?»

«በየትኛው ወገን እንዳለ አናውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች።

ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

በማግስቱ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሳህኖቹ ግን አልተነኩም። ማንም አያወራም። አስተናጋጁ ወንበር ስቦላት ሲያበቃ ወደ ኩሽና ገባና አልተመለሰም።

አጎት ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ወደ ጥጉ፣ በሁለት ጎረምሶች መሐል አናጢው አለ። ከስቷል። ጺሙ ሸብቷል። ቀና ብሎ አላያትም።

«ምን ትበያለሽ?» አለ አጎት።

«አልራበኝም።»

«አመጣሽው?»

ፍላሿን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አጎት ኮምፒውተር ከፍቶ ለሚጠብቀው ሰው አሻገረለት።

«አናጢው ደህና ይመስላል» አለች።

የአጎት ፈገግታ ከፊቱ ወረደ። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ። «የነጋዴው ሰዎች አንዴ ከያዙት በኋላ መሞት አልፈለገም። የእኛን አሠራር ለነጋዴው እየፈታለት ይኖራል። አንቺም እንደሱ ብልህ ሁኚ።»

«ባዶ ነው» አለ ባለ ኮምፒውተሩ።

የአጎት እጅ ወደ ኮቱ ገባ።

አናጢው ጠረጴዛውን ገለበጠው።

ከዚያ ሁሉም ተደበላለቀ። የጓሮው በር ተሰብሮ ወደቀ። ብርጭቆ ረገፈ። አንድ ጥይት፤ ቀጥሎ ብዙ ጥይት። ነገሩ ሲረግብ አጎት በግንባሩ ተደፍቶ እጁን የፊጥኝ ታስሯል። አናጢው በአጎትና በድርጭት መሐል ወድቋል። የመጀመሪያዋ ጥይት ለድርጭት የተተኮሰች ነበረች፤ ደርሶ ተቀበላት።

ተንበረከከች። ደረቱን በእጇ ተጫነችው።

«ወረቀቱን አየችው?» አለ።

«ይዛልኝ መጣች።»

ሊስቅ ሞከረ። «ምን አለች?»

መልሷን ሳይሰማ ዓይኑ ቆመ።

አመሻሹ ላይ እሜቴ በዚያው ስልክ እንዲህ አለች፦ «ነጋዴው ተይዟል። መሣሪያውም ሳይጫን ተደርሶበታል። ሥራሽ አልቋል። ነገ ሴትየዋን ሸኚና ውጪ።»

«ምን ልበላት?»

«የማሽን ስህተት ነው በያት።»

«ባሏ ነው እኮ። እውነቱን ማወቅ ይገባታል።»

«ይገባታል። ግን ካወቀች ትጠይቃለች። ከጠየቀች የነጋዴው ሰዎች በሯን ያንኳኳሉ። እሱ የሞተው ለዚህ ነው?»

ድርጭት ስልኩን ለባለ ፋርማሲው መለሰችለት።

ሴትየዋ ባንኩ ሲከፈት ደረሰች። የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ የድርጭትን አፍ አፏን ታይ ጀመር።

«የማሽን ስህተት ነው እትዬ» አለች ድርጭት። «የሌላ ሰው ክፍያ በባለቤትዎ ካርድ ተመዝግቦ ነው። ይመለስልዎታል።»

«ስህተት» አለች ሴትየዋ።

«አዎ። ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ሴትየዋ ቀሚሷን በመዳፏ አስተካከለች። «እኔ ደግሞ ሰሞኑን በሩን ሳልቆልፍ ነው የማድረው» አለች፣ እንደማፈር ብላ።

ድርጭት በዚህ መስኮት ስንቱን ዋሽታለች። አሁን ግን ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች።

«በይ ሂሳቡን ዝጊልኝ ልጄ። ወረቀቱ ከእንግዲህ አይምጣ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዝጊው።»

ዘጋችው። የአናጢው እውነተኛ ስም ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። ሴትየዋ ተነሳች፤ «እግዜር ይስጥሽ፣ ደከምሽልኝ» ብላ ወጣች። ድርጭት በመስታወቱ በኩል በዓይኗ ሸኘቻት። ሴትየዋ መንገዱ ዳር ላይ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ተሻገረች።

ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ላይ ሌላ ሠራተኛ ተቀመጠች። ድርጭት በአንዲት ሻንጣ አውቶቡስ ተሳፍራ ነበር። አጠገቧ የተቀመጡ እናት ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጧት።

«ሩቅ ነሽ ልጄ?»

«እስከ መጨረሻው ነኝ።»

«ዘመድ አለሽ እዚያ?»

«የለኝም» አለች።

ቀጥለው ስሟን እንደሚጠይቋት ገባት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና አዲሱን ስሟን፣ አፏ እስኪለምደው፣ በልቧ ትደጋግመው ጀመር።