ያልተወጋችው ጣት

የመሪጌታ ገብረ ሥላሴ አስከሬን ገና ከአልጋው አልተነሣም። ከጤና ጣቢያው አጥር ውጭ የተሰበሰበው ሰው ግን ለቅሶውን አቋርጦ «ነርሷን አውጡልን!» ማለት ጀምሯል። ዋና ሳጅን ብርነሽ ከወገዳ ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ፖሊሶች አስከትላ በጭቃ ስትንገላታ መጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳትጠርግ ወደ ክፍሉ ገባች። አለቃዋ የሰጣት ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ነርሷን ከመምሸቱ በፊት ይዘሽ ነይ። ብርነሽ ግን በምርመራ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች፤ ከሕያው ይልቅ አስከሬንን ታምናለች። አስከሬን ቃሉን አይለውጥማ።

የተረኞቹ አለቃ ነርስ ቻላቸው፣ በሙያው ሃያ ዓመት የቆየ ሰው፣ የመድኃኒት መስጫውን ቅጽ ዘረጋላት። ሟቹ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ በእግራቸው ቁስል ምክንያት ከተኙ አራተኛ ቀናቸው ነው።

«ይኸው፤ ወረቀቱ ሁሉንም ይናገራል» አላት።

ብርነሽ አነበበችው። ነሐሴ 8፣ ጠዋት አንድ ሰዓት። የደም ስኳር 287። ኢንሱሊን ተሰጥቷል። ፊርማ፦ ሰርካለም።

ሰርካለም ከግድግዳው ተጣብቃ ቆማለች። ነርስ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ግን አይሸሽም።

«ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው። ግን አልወጋኋቸውም፤ አልለካኋቸውምም። ከሌሊቱ ጀምሮ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ማዋለጃ ክፍል ነበርሁ። ከዚህ ክፍል ጓንት ላመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቻለሁ።»

«አንድ ሰዓት ላይ ከዚህ ክፍል ስትወጣ በዓይኔ አይቻታለሁ» አለ ቻላቸው።

መሰለች የተባለችው የሟቹ ልጅ ከአልጋው ግርጌ ተነሣች። አባቷን የምታስታምመው እሷ ነበረች። «ሦስት ሰዓት ላይ ላብ አጠመቃቸው፤ ይንቀጠቀጡ፣ ይዘባርቁ ጀመር። ማር ይዤ ነበር! ላልሳቸው ብዬ ለመንኋት! 'ስኳራቸው ከፍ ብሏል፤ ማር ይገድላቸዋል' ብላ እጄን ያዘችኝ። አራት ሰዓት ሲሆን አለፉ።»

ሰርካለም አልካደችም። «የስኳር መውረድ ምልክት ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እንደገና ልለካ ብሮጥ መለኪያው ቻላቸው ቢሮ ተቆልፎበታል፤ እሱ ደግሞ ቀበሌ ስብሰባ ሄዷል። ቅጹን ባይ 287 ይላል። ከእኛ አንዱ ለክቶ መዝግቦታል ብዬ አመንሁ።»

ብርነሽ ቅጹን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ቁልቁል ተመለከተች።

«ሰርካለም፣ የነሐሴ ዘጠኝ ጠዋትም ፈርመሻል። መሪጌታ ነገ ሊወጉ ነው?»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ጠዋት ሰልፉ ይበዛብናል። ስለዚህ አስቀድመን እንፈርማለን። ሁላችንም።»

ብርነሽ ተናደደች። ያልሠሩትን መፈረም ባዶ ቤትን ከፍቶ እንደ መተው ነው፤ የፈለገ ይገባበታል። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ የሟቹን ግራ እጅ አነሣች።

«ስትለኩ የቱን ጣት ነው የምትወጉት?»

«እንዳያማቸው በየቀኑ እንቀይራለን። ከትንሿ ጣት ጀምረን በተራ።»

በትንሿ፣ በቀለበት ጣትና በመሐል ጣት ጫፍ ላይ አንድ አንድ የደረቀች ነቁጥ አለች። አመልካች ጣት ንጹሕ ናት። ቀኝ እጅም እንዲሁ ንጹሕ ነው። ብርነሽ ቀጥላ ትራሱን ገለጥ ብታደርግ በመሐረብ የተቋጠረ ሙሉ ዳቦ ተገኘ።

መሰለች ጮኸች። «ቁርሳቸው! ውኃ ቀድቼ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነበር፤ 'በልቻለሁ' ብለውኝ ነበር!»

ስምንት ሰዓት ላይ ብርነሽ ቻላቸውን ቢሮው ውስጥ ለብቻው አነጋገረችው።

«መሪጌታን ከድሮም ያውቋቸዋል?»

«ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። እንደ አባቴ ነበሩ።» ሐዘኑ የውሸት አይመስልም። «ይቺ ልጅ ምን አለባት! ቁርባን የሚጠብቁትን ሽማግሌ እንደ ከብት ወግታቸው ሄደች።»

ብርነሽ በማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጻፈችና ቀና ሳትል አመሰገነችው።

ቅዳሴ እንደ ወጣ የሟቹ የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ገብርኤል ደረሱ። ብርነሽ መስቀላቸውን ተሳልማ ከበረንዳው ጥግ ወሰደቻቸው።

«አባቴ፣ ትናንት ማታ ጠይቀዋቸው ነበር አሉ።»

«ኑዛዜውን አልነግርሽም።»

«አልጠይቅዎትም። ከኑዛዜው ውጭ የተባባላችሁት ነገር ካለ ግን ይንገሩኝ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ጉያቸው መለሱ። «ለዛሬ ቅዳሴ በቃሬዛ ልናመጣው፣ ሊቆርብ ተስማምተን ነበር። 'ልጄ ጾመህ ትሞታለህ ብላ ታስቀረኛለች፤ ለማንም አይንገሩብኝ' አለኝ። ለዲያቆኑ እንኳ አልነገርሁም። ለማንም።»

ብርነሽ ሁሉንም ወደ ክፍሉ ጠራቻቸው። ከአልጋው ራስጌ ቄሱ፣ ከግርጌ መሰለች፣ ከበሩ አጠገብ ሰርካለምና ቻላቸው ቆሙ።

«ፊርማው ምንም አይመሰክርም» ብላ ጀመረች። «የነገውም ተፈርሟልና። ቁጥሩም ሐሰት ነው። ሦስት ቀን ሦስት ጣት ተወግቷል፤ የዛሬዋ ጣት አልተነካችም። ኢንሱሊኑ ሳይለኩ፣ በባዶ ሆዳቸው ተወግቶ ስኳራቸውን አውርዶ ገደላቸው። እስኪ የትናንቱን ቁጥር አንብቢልኝ ሰርካለም።»

«287» አለች ሰርካለም።

«የዛሬውም 287። ሳይለካ የተገለበጠ ነው። ማን ገለበጠው? ሰው ሁሉ ማር የከለከለችውን ነርስ ይወነጅላል። እኔን ግን ንጽሕናዋን ያሳየኝ ያው ማሩ ነው። ቁጥሩን የፈጠረ ሰው ቁጥሩን አያምንም። እሷ አምናዋለች።»

ብርነሽ ቅጹን አጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«መሪጌታ ዛሬ ሊቆርቡ እንደ ነበር ቄስ ወልደ ገብርኤል ለማንም አልተናገሩም። ልጃቸውም አታውቅም፤ ዳቦውን የደበቁት ከእሷ ነው። ደም የፈሰሰው አይቆርብምና ቆራቢ ደሙ እንዳይፈስ ይጠነቀቃል፤ ስለዚህ ምስጢሩን የሚያወጡት ዛሬ ጠዋት መርፌ ይዞ ለመጣ ሰው ብቻ ነው። ነርስ ቻላቸው፣ ቄሱ ሳይመጡ፣ በስምንት ሰዓት፣ 'ቁርባን የሚጠብቁ ሽማግሌ' ያሉኝ ከየት ሰምተው ነው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቻላቸው ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«ተኝተው ነበር፤ ልጃቸው ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች» አለ። «ስብሰባው ሊያመልጠኝ ሆነና በኋላ እለካለሁ ብዬ ሆዳቸው ላይ ወጋኋቸው። ነቁና 'ልጄ፣ ምን አደረግህ፤ ዛሬ እኮ ልቆርብ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሁም' አሉኝ። ብሉ ብላቸው 'ደም እንደሁ አልወጣም፤ ጾሜን አታስፈታኝ' አሉ። መምህሬ ናቸው፤ አልደፈርኋቸውም። እስከ ቅዳሴ ይቆያሉ ብዬ ራሴን አታለልሁ። የወጋሁበት ምክንያት እንዲኖር የትናንቱን ቁጥር ጻፍሁ፤ ፊርማው ቀድሞ ነበር።»

«ለሰርካለም አንድ ቃል ቢነግሯትስ?» አለች ብርነሽ።

«ፈራሁ። ሃያ ዓመት ያተረፍሁትን ስም እንዳላጣ ፈራሁ።»

ቄሱ እጃቸውን በገዛ ግንባራቸው ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ የታመመን ሰው ማር ብታልሰው ቤተ ክርስቲያን ከጾሙ ትፈታው ነበር። ብትጠይቀኝ ኖሮ!»

ቻላቸው በሁለት ፖሊሶች መሐል ሲወጣ አጥሩ ላይ የነበረው ሰው መንገድ ለቀቀለት። ሁሉንም ሲያክም የኖረ ሰው ነው፤ ማንም ድንጋይ አላነሣም።

«ነጻ ነሽ፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለቻት ብርነሽ።

ሰርካለም አልሄደችም። መሰለች ፊት ቆመች። «አልወጋኋቸውም። ማሩን የከለከልሁሽ ግን እኔ ነኝ፤ ያመንሁትም በራሴ የሐሰት ፊርማ ሥር የተጻፈ ቁጥር ነው። ለሙያ ኮሚቴው ራሴ አመለክታለሁ። ፈቃዴን ቢነጥቁኝም አንቺ ከእኔ አፍ ስሚው።»

መሰለች የማሩን ብልቃጥ ከአልጋው ሥር አንሥታ በእጇ ሰጠቻትና ወደ አባቷ ዞረች።

ሰርካለም ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቃሏን መጻፍ ጀመረች። ስትጨርስ መስኮቱን፣ ከዚያ ሰዓቷን አየች። መጀመሪያ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ብላ ጻፈች፤ ከዚያ በኋላ ፈረመች።