ቀለበቱ አልዘጋ ያለ ቀን

የመድኃኒት ባቡሩ እንደ ወትሮው አንድም ክኒን ሳይጭን ከድሬዳዋ ተነሳ። ማንንም አልገረመውም። በየጣቢያው ስንት ሰው በምን እንደታመመ አስቀድሞ ይነገራል፤ መድኃኒቱ የሚሠራው መንገድ ላይ ነው።

ኬሚስቷ ኢፍቱ በሦስተኛው ፉርጎ ከገንዳዋ ፊት ቆማለች። ገንዳው ውስጥ የመድኃኒቱ ጥሬ ዕቃ የሟሟበት ውሃና የሸንኮራ አገዳ አልኮል፣ በመሃሉም ሁለት የካርቦን ሰሌዳዎች አሉ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እንደ ክር የረዘመው ሞለኪውል ጫፍና ጫፉ ይያያዝና ቀለበት ይሆናል። መድኃኒቱ ያ ቀለበት ነው። ድሮ ለዚህ ሥራ ይፈስ የነበረው መርዛማ አሲድ ዛሬ ከሙዚየም በቀር አይገኝም።

አፍደም ጣቢያ ላይ ስልሳ ሁለት ሰዎች በትኩሳት ተይዘው ይጠብቃሉ። ቀለበቱ ግን አልዘጋ አለ። ክሮቹ የገዛ ጫፋቸውን ትተው የጎረቤታቸውን እየያዙ ጥቁር ዝቃጭ ሆኑ። ኢፍቱ ኤሌክትሪኩን ጨመረች፤ ዝቃጩም አብሮ ጨመረ።

ይባስ ብሎ ኃይሉ ይቆራረጥ ጀመር። የባቡሩን ኤሌክትሪሺያን ጋሽ ወርዶፋን በስልክ ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ ምን ጉድ ነው?»

«ከላይ ሽቦውን የሚነካው ክንድ ተበልቷል ልጄ። አፍደም ሳንደርስ አልቀይረውም። ባቡሩስ በባትሪው ይሄዳል፤ ያንቺን እንጃ።»

«አለቀልን በሉኛ!»

ገንዳውን ልታጠፋ እጇን ሰደደችና መልሳ ተወችው። ከዚህ በላይ ምን ሊበላሽ? ጉንጯን ይዛ ተቀመጠች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መለኪያውን ብታይ ከተረፈው ክር ዘጠና አንድ በመቶው ቀለበት ሆኗል! አላመነችም። ደግማ ለካች፤ ዘጠና ሦስት።

ያኔ ገባት። ኤሌክትሪኩ ያለ ፋታ ሲፈስ ክሮቹ ሰሌዳው ላይ ይራኮቱና ያገኙትን ይጨብጣሉ። ለአፍታ ሲቋረጥ ግን እያንዳንዱ ከሰሌዳው ይላቀቃል፤ ዞር ብሎ ለመተጣጠፍ ጊዜ ያገኛል። የራሱንም ጫፍ ያገኛል።

አፍደም ሲደርሱ ነርሷ ሲስተር ሐሊማ ብልቃጦቹን ተቀብላ ወደ ሕሙማኑ መጠለያ እየሮጠች ገባች። ወዲያው ከመጠለያው ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ «ኧረ ይሄ ከበሽታው ይመራል!» ሲል ተሰማ፤ የሌሎቹ ሳቅም ተከተለ።

ጋሽ ወርዶፋ አዲሱን ክንድ ተሸክመው መሰላሉን ሲያስጠጉ ኢፍቱ ከፊታቸው ቆመች።

«ክንዱን ቀይሩት ጋሼ። ለእኔ ግን ልክ እንደ አሮጌው የሚያቆራርጥ ማብሪያ ሥሩልኝ።»

«አርባ ዓመት ሙሉ መብራት እንዳይቋረጥ ስለፋ ኖሬ፣ ዛሬ የሚያቋርጥ ሥራልኝ ትይኛለሽ?»

የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጋሽ ወርዶፋ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ከዚያ ክንዱን መሬት ላይ አስቀመጡና እጃቸውን አራገፉ።

«እንግዲያው ክርም እንኳ ፋታ ካማረው፣ እኛማ ሰው አይደለንም እንዴ? ነይ፣ ምሳ በልተን እንጀምራለን።»