ድቪርን ማን አከሳው?

በእስራኤል የቂርያት ማላኪ ከተማ ፖሊስ ሁሉ ተሰልፎ የማያየውን ነገር ሊኖር የተባለችው ልጅ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። ይህን የሚሉላት ሌሎች አይደሉም፤ ራሷ ናት። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የእህቷን የሲቫንን ልጅ፣ የዐሥራ አምስት ወሩን ድቪርን፣ ማን እንዳከሳው ለማወቅ የፈጀባት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

«ማሪቱ ናት» አለች፣ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጋ።

የተናገረችው ለየሺዓለም ነበር። የሺዓለም የሕፃናት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ድቪር ሚዛን ላይ በወጣ ቁጥር እየቀለለ ቢያሳስባት፣ ከያቭነ ከተማ አውቶቡስ ተሳፍራ ሲቫን ቤት ድረስ መጥታለች።

«ማሪቱ ማን ናት?»

«የባሌ የአቪ ታላቅ እህት» አለች ሲቫን። «ገዴራ ብቻዋን ነው የምትኖረው። በሐምሌና በነሐሴ እግሬ ተሰብሮ ሳለ ድቪርን የያዘችልኝ እሷ ናት።»

«ልጅ የላትም» አለች ሊኖር። «የኛን ትፈልጋለች። ይኸው ሁሉንም ጽፌዋለሁ፤ እያንዳንዱን ዳይፐር። ከእሷ ቤት መጣ፤ በዐሥረኛው ቀን ተቅማጥ ጀመረው። ቀስ ብሎ የሚሠራ ነገር ሰጥታዋለች። እኛ ጋ ሲታመም ‹እኔ ጋ ይሻለዋል› ብላ ልትወስደው።»

ሲቫን አንገቷን ደፋች። ማሪቱን ከዚህ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጪ ካለቻት ሳምንት ሆኗል።

ሊኖር ያልጻፈችው አንድ ነገር ነበር። ድቪር ከገዴራ የተመለሰ ሰሞን «ማሪ፣ ማሪ» እያለ ሦስት ቀን አልቅሷል። በሰባት ወሩ የመጀመሪያዋን የገንፎ ማንኪያ ያጎረሰችው ሊኖር ሆና ሳለ የሌላ ሴት ስም መጥራቱ አንጀቷን አቃጠላት። ስለዚህ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች በየቀኑ ወፍራም የስንዴ ገንፎ ታገነፋለት፣ በላዩም ብስኩት ትፈረፍርበት ጀመር። በሳምንቱ ማሪ ማለቱን ተወ።

የሺዓለም ልጁን አስወልቃ አየችው። ሆዱ ተነፍቷል፤ መቀመጫው ግን ሟሙቶ ቆዳው ተጨማዷል።

«ትኩሳት አለው?»

«የለውም» አለች ሲቫን።

«ከዓይነ ምድሩ ጋር ደም ወይም ንፍጥ?»

«ምንም።»

«ነጣ ያለ፣ ብዙ፣ ቅባት ቅባት የሚል ነው» ሊኖር ከደብተሯ አነበበች። «ሽታው ደግሞ የፎቁን ሰው ሁሉ መስኮት አስዘግቷል።»

«ያስመልሰዋል?»

«አልፎ አልፎ» አለች ሲቫን። «መነጫነጩ ነው የባሰው።»

«ደብተርሽን አውሺኝ» አለች የሺዓለም ወደ ሊኖር ዞራ። «ያላ፣ ቶሎ ልጁን አልብሺው። ገዴራ እንሄዳለን።»

ማሪቱ በሩን ስትከፍት ድቪር ከሊኖር ክንድ ተስፈንጥሮ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ሊኖር ባዶ የቀረ ክንዷን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ያን ሁለት ወር ምን አበላሽው?» አለች የሺዓለም።

«የምበላውን ነዋ። ድንች፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ የጤፍ ገንፎ።»

«ያን ጊዜ ክብደቱ ጨምሯል።»

«ልታስመስል ነዋ» ሊኖር ጣልቃ ገባች። «ደግሞ ይጠይቋት፤ ሰንበት እኛ ቤት ስትመጣ የተባረከውን ዳቦ አትነካም። ልጁን ምን እንዳደረገችው ስለምታውቅ የተባረከ ነገር ትፈራለች።»

ማሪቱ ልጁን እንዳቀፈች ወለሉን አየች። «ንቄ አይደለም። ዳቦ ከበላሁ ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል። ከልጅነቴ ነው። በሰው ማዕድ ላይ ሆዴን ማለት ያሳፍራል።»

«ሐኪም አይቶሽ ያውቃል?»

«ለሆድ መንፋት?»

የሺዓለም ልጁም ማሪቱም ደማቸውን እንዲመረመሩ አደረገች። ለሲቫንም ደውላ፣ «ምርመራው እስኪያልቅ ከምግቡ ምንም እንዳትቀንሱ፤ ከቀነሳችሁ ውጤቱ ይሳሳታል» አለቻት። ሊኖር መርዝ የሚፈለግ መስሏት ደስ አላት፤ ገንፎውንም አበዛች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ጧት፣ ሁሉም በሲቫን ሳሎን ተሰበሰቡ። አቪ የሥራ ልብሱን አላወለቀም። ማሪቱ ተጠርታ ብትመጣም ከሶፋው ጫፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ነበር የተቀመጠችው።

«ተላላፊ ተቅማጥ እንዲህ ወራት አይከርምም» ብላ ጀመረች የሺዓለም። «የላም ወተት የማይስማማው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ገና በጨቅላነቱ ይታወቅበታል፤ ደምም ሊታይ ይችላል። ድቪር ግን በወተት ብቻ ሳለ ድንቡሽቡሽ ነበር። የክብደት ካርዱን እዩት። መስመሩ መውረድ የጀመረው ከሰባት ወሩ ወዲህ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ተመልሶ ይወጣል። መስከረም ላይ እንደገና ይወርዳል።»

«እህቴ ጋ ሳለ ድኖ ነበር ማለት ነው?» አለ አቪ።

«ድኖ ነበር። የሚታመመው እዚህ ነው። እዚህ የሚበላውና ገዴራ የማይበላው ምንድን ነው? ስንዴ። ስንዴና ገብስ ሲገባ ሰውነቱ የገዛ አንጀቱን ይወጋል። የተጎዳ አንጀት ምግብ አይመጥም፤ ልጁ እየበላ ይከሳል። ሴሊያክ ይሉታል፤ በዘር ይሄዳል። የደሙ ውጤትም፣ ትናንት ያየው የአንጀት ሐኪምም ይህንኑ ብለዋል። የማሪቱም ደም ያንኑ ይናገራል፤ ዳቦን ብትሸሽም የገብስ ቆሎ አልተወችም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆዷን ስትደብቅ ኖራለች።»

የሲቫን ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ሊኖር ሄደ።

«ደብተሩ የወጣውን ሁሉ ጽፏል፤ የገባውን ግን አልጻፈም» አለች የሺዓለም። «ልጄ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ምን ትሰጪዋለሽ?»

«ገንፎ» አለች ሊኖር። ድምፅዋ አነሰ። «የስንዴ። ከብስኩት ጋር።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ሌላ ልጅ ቢበላው ይወፍርበታል። እሱን ግን የሚያከሳው እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል።»

ሲቫን ተነሥታ ድቪርን ማሪቱ ጭን ላይ አስቀመጠችው። «ይቅር በይኝ፣ እታለም» አለቻት። ማሪቱ የልጁን ካልሲ ወደ ላይ ሳበችለት።

«ቤሰደር፣ እሺ» አለች ሊኖር፣ ፊቷ እንደጋለ። «ተሳስቻለሁ። ግን ያለ እኔ ደብተር ይህን ማን ያውቅ ነበር? ደግሞ ያን ሁሉ ያደረግሁት ከማንም በላይ ስለምወደው ነው።»

ማሪቱ ቀና አለች።

«እኔ ዕብራይስጥ ማንበብ አልችልም፤ አንቺ ትችያለሽ። ከዛሬ ጀምሮ የምትሰጪው ሁሉ ስንዴ እንደሌለበት የፓኬቱን ጀርባ አንብቢ። ፍቅርሽን የጠየቀሽ የለም።»