በአባባ በኩል ዝቅ ያለችው መኪና

እኔ ስለ ጋኔንና ስለ መንፈስ ወሬ ሲነሣ ከክፍል ልጆች ሁሉ ቀድሜ የምስቅ ልጅ ነኝ፣ ጓደኞቼ «እነ እንትና ቤት ሰሐን ብቻውን ወደቀ» ሲሉኝ «ድመት የላቸውም?» ብዬ ነው የምመልስላቸው፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስታነቡ «ይቺ ስመኝ ፈሪ ናት» እንዳትሉኝ። ደግሞ የሆነው በሌሊት አይደለም፣ በሌሊት ቢሆን ኖሮ በእንቅልፍ ልቤ ነው ብዬ እተወው ነበር፣ የሆነው እዚሁ ብቸና፣ እኛው ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአባባ ኩራት ነው። አባባ ክረምት ላይ የሚያፈስ ጣሪያ ሊደፍኑ ወጥተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ፣ ሞጣ ሐኪም ቤት ተኝተው ወጡ፣ ሐኪሙም «በየቀጠሮው ካልመጡ እግርዎ እንደ ደረቀ ይቀራል» ብሎ አስጠነቀቃቸው። ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ መሄድ የማይታሰብ ነው፣ የወንድሜ የይበልጣል፣ የይቤ፣ ፒካፕ ደግሞ አለች ግን ቁመቷ የግመል ነው። ይቤ የገዛት ሞጣ ከሚኖሩ ጋሽ እንድሪስ ከሚባሉ ነጋዴ ነው፣ እሳቸው ባሌስትራዋ ላይ፣ ማለቴ ጎማው አጠገብ እንደ ረጅም ቢላ ተደራርበው ጭነቱን የሚሸከሙት ብረቶች ላይ፣ ከፊትም ከኋላም ተጨማሪ አስደርበውባት ከፍ ብላ ቀርታለች።

ባለፈው ቀጠሮ ይቤና ጎረቤቶቻችን አባባን አንሥተው ጋቢና ሊያስገቧቸው ሲሉ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አባባ ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሡና «እኔ ኩንታል ጤፍ ነኝ? ሰው ደግፎ የሚጭነኝ ሬሳዬን ነው!» አሉ። ቀጠሮው በዚሁ አለፈ። ሁለተኛውም ካለፈ እግራቸው ማለቁ ነው፣ ስለዚህ ይቤ «አባባ ካልተነሡ መኪናዋን አወርዳታለሁ» ብሎ ቆረጠ።

ችግሩ ቀኑ ነው። ይቤ ከደጀን ጭነት አራግፎ የተመለሰው ማታ፣ ቀጠሮው ከነገ ወዲያ ጠዋት፣ በመሃል ያለችው አንዲት ቀን ደግሞ ሚካኤል ሆነች፣ በእኛ አገር በሚካኤል ቀን ብረት የሚያነሣ ሰው የለም። እማዬ ነጠላዋን እያጣፋች፣

«ይበልጣል፣ ነግሬሃለሁ፣ ዛሬ ብረት እንዳትነካ!» አለችው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አላርስ፣ አልፈልጥ፣ ብሎን ነው የምፈታው፣ የታሰረ መፍታት ደግሞ ጽድቅ ነው።»

«በመልአኩ ትቀልዳለህ?»

«ለአባባ እግር መሆኑን ሚካኤልም አይጠፋውም።»

እማዬ አማትባ ወጣች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ሳቅሁ።

ይቤ አሠራሩን ስልኩ ላይ አይቶታል፣ አንድ ፈረንጅ እያፏጨ በእግር ኳስ ጨዋታ ያህል ጊዜ ይጨርሰዋል፣ የእኛ ግን የግራው ጎን ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ። እኔ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ፣ «አሥራ ዘጠኝ!» ይለኛል፣ እሰጠዋለሁ፣ «ይሄ አሥራ ሰባት ነው፣ አንቺ ዶሮ!» ይለኛል፣ «ፈረንጁ እህቱን አይሰድብም» እለዋለሁ። የተደረበውን ብረት ከግራ በኩል ከፊትም ከኋላም አወጣና ጎማዎቹን መልሶ አሰረ፣ እኔም ከመሬት እስከ መርገጫው በስንዝሬ ለካሁት፣ ጠዋት ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት የነበረው ልክ ሦስት ስንዝር ሆነ። በጣም ደስ አለን። ከዚያ ቀኙን፣ አባባ የሚቀመጡበትን ጎን፣ በክሪክ አነሣው፣ ጎማውን ፈታ፣ ሥሯ አንድ ጉማጅ ግንድ አስገባና በጀርባው ተንሸራትቶ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በእኛ አካባቢ ፒካፕ ላይ ከኋላ የተሳፈረ ሰው ሾፌሩን የሚያናግረው የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፉ እየመታ ነው፣ ሁለቴ ከመታ «ወራጅ አለ»፣ አንዴ ከመታ «ተሳፍረናል፣ ንዳው» ማለት ነው።

ቀትር ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አባባ ውስጥ ተኝተዋል፣ ዶሮዎቹ እንኳ አጥሩ ሥር ተጠግተው ዝም ብለዋል። መጀመሪያ የሰማሁት «ቂ…ጥ» የሚል ድምፅ ነው፣ ብረት ሲተኛ የሚያሰማው ዓይነት፣ ብረት አዲስ ሲገጠም ይጮሃል ብዬ አለፍኩት። ትንሽ ቆይቶ ደገመ፣ እመኑኝ፣ በዚያ በተጨረሰው በግራው በኩል መኪናዋ ወረድ አለች፣ አንድ ከባድ ሰው ስፖንዳውን፣ የጭነቱን ቦታ ግድግዳ፣ ተሻግሮ ሲወጣ እንደምትወርደው።

ከሥር ይቤ ጮኸ፣ «ስመኝ፣ ምን ጫንሽባት?»

«ምንም!»

«ውረጂ እኮ ነው የምልሽ፣ ቀልድ አይደለም፣ ሥሯ ነኝ!»

«እግርህ ጋ ቆሜያለሁ፣ ጫማዬ አይታይህም?»

ይቤ ጫማዬን አየ መሰለኝ። እኔ ዞሬ የጭነቱን ቦታ አየሁት፣ ባዶ ነው፣ አንድ የተጣጠፈ ሸራና መጠባበቂያው የስኮርታ ጎማ ብቻ፣ ግን እግር ላሜራው ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፣ ያው ታውቁት የለ፣ ሰው ሲበዛ «ጠጋ በሉ» ተባብሎ ቦታ ሲለቅ የሚሰማው ኮሽታ። መኪናዋ አሁንም ወረድ አለች። ክሪኩ ዘመም ሲል በዓይኔ አየሁት።

ከዚያ ጣሪያው አንዴ ተመታ። ጓ!

ተሳፍረናል፣ ንዳው።

እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም፣ የይቤን ሁለት ቁርጭምጭሚት ይዤ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ወደ ኋላ ጎተትኩት፣ ሸሚዙ አንድ ቦታ ተይዞ ተቀደደ፣ ራሱ ብቅ ከማለቱ ክሪኩ ተስፈንጥሮ አጥሩን መታ፣ ግንዱም ተንከባለለና መኪናዋ ደረቱ የነበረበት አፈር ላይ ዘጭ አለች። አቧራው እስኪበተን ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ቀረን። ይቤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

ያን ጊዜ አባባ ከውስጥ ተጣሩ።

«እናንተ ልጆች፣ እንግዶቹን ለምን ደጅ ታቆማላችሁ? ግቡ በሏቸው እንጂ!»

ግቢው ውስጥ ከእኔና ከይቤ ሌላ ማንም አልነበረም።

ይቤ ከዚያ በኋላ አንድ ብረት አልቀነሰም። ግንዱን እያስደገፈ እንደምንም አነሣት፣ የቀኙን ባሌስትራ እንደነበረ መልሶ አጠበቀው፣ ጎማውን ገጠመ፣ ቁልፉ ሦስት ጊዜ ወደቀበት። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ከቀኙ ጎን አንድም ብረት አልወጣም፣ ብረቶቹን ሁሉ ቆጥሬያቸዋለሁ። መኪናዋ ወደ ግራ አዘንብላ አደረች፣ ለእማዬም ምንም ላንነግራት ተማማልን።

ጠዋት ስንወጣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሮጬ በአባባ በኩል ለካሁ፣ ልክ ሦስት ስንዝር። ይቤን አየሁት፣ ይቤም አየኝና ቶሎ ብሎ መሪው ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ከመሃል ገባሁ። አባባ በከዘራቸው ቀስ እያሉ መጡ፣ እማዬ ከደጃፉ ሆና ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች፣ አባባ እግራቸውን መርገጫው ላይ አደረጉ፣ ቀና አሉ፣ ተቀመጡ። በቃ፣ እንደዚያ ቀላል ሆነ!

«ጎበዝ ልጄ፣ በልክ ነው ያወረድካት» አሉት፣ ይቤ ሞተሩን አስነሣ።

ጉንደ ወይን ልንደርስ ስንል ጣሪያው ሁለቴ ተመታ። ጓ ጓ! ይቤ በልማድ ፍሬን ያዘ። ከኋላ የጫነው ሰው የለም፣ እኔ ወደ ኋላ አልዞርኩም፣ ይቤም መስታወቱን አላየም።

«ምነው ቆምክ? ወራጅ አለ እንዴ?» አሉ አባባ።

«የለም፣ አባባ።»

መኪናዋ ሰው ሲወርድላት እንደምታደርገው ቀና አላለችም። ማንም አልወረደም። ትንሽ ቆይቶ አንዴ ብቻ፣ ጓ። ይቤ ነዳ፣ ሌላ ምን ያድርግ?

ሞጣ ሐኪሙ አባባን አይቶ ተደሰተ፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው፣ ግን ቀጠሮ አይቅሩ አለ። እሳቸው የመድኃኒት ወረፋ ሲጠብቁ እኔና ይቤ ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ሄድን። ገና የሆነውን ነግረናቸው ሳንጨርስ ሚዛኑን አስቀመጡት።

«ባሌስትራውን ነካኸው? ስሸጥልህ አትንካው አላልኩህም?»

«ሻጭ የማይለው የለም ብዬ ነው፣ ጋሽ እንድሪስ።»

«ልጄ፣ ለጭነት መስሎህ ነው ያስደረብኩት? ባዶዋን ቆማ በቀኝ በኩል ዝቅ እያለች አስቸገረችኝ። መካኒኩ ብረቱ ደህና ነው ይለኛል፣ እሷ ትወርዳለች።»

«ለምን?» አልኩኝ እኔ።

ቆባቸውን አስተካከሉና ወደ ውጭ፣ ወደ መኪናዋ አዩ። «አላህ ያውቃል። እኔ በዚያ በኩል ሰው አላስቀምጥም ነበር፣ ይኸው ነው» አሉ።

ማታ ቤት እንደ ደረስን ይቤ «የግራውንም ብረት ነገ ጋራዥ ወስጄ አስመልሰዋለሁ» ሲል አባባ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«እንዳትነካት! አሁን ገና ተስማማችኝ። ደግሞ ይበልጣል፣ ደግፋችሁ አትጫኑኝ ያልኳችሁ እልህ ይዞኝ ነው፣ የዛሬው አያያዝህ ደህና ነው፣ ስወጣ በብብቴ ሥር ይዘህ ከፍ ስታደርገኝ ምንም አላመመኝም። እጅህ ብቻ ይቀዘቅዛል፣ ጓንት ነገር አድርግ።»

ይቤ መሪው ላይ ነበር። እኔ ከመሃል ነበርኩ። እማዬ ደጃፉ ላይ ነበረች።

እስካሁን አልነገርናቸውም። ብንነግራቸው ዳግመኛ እዚያች መኪና ላይ አይወጡም፣ ካልወጡ እግራቸው ይደርቃል፣ ባንነግራቸው ደግሞ ያ «ሰው ደግፎ የሚጭነኝ ሬሳዬን ነው» ያሉት ነገር ጆሮዬ ላይ ይጮኻል፣ ይቤ «አንቺ ወስኚ» ይለኛል፣ እኔ «አንተ ታላቅ ነህ» እለዋለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናዋ ባዶዋን ቆማ ነበር፣ በአባባ በኩል ተንበርክኬ ለካኋት፣ ሦስት ስንዝር አልሞላም።