አራት ዲግሪ

ክትባቱ ተበላሽቶ የተገኘው ቅዳሜ ጧት ነው።

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጡ ሞቋል። ሙቀት ሲጨምር እንዲጮህ የተገጠመው ባለ ባትሪ ሳጥን ግን ድምፁን አላሰማም። መስታወቱ ላይ «4 ዲግሪ» ይላል።

ሳጥኑን የሠራችው ማስተዋል ናት። ማስተዋል ታሰረች።

እናቷ ቦጋለች አላለቀሰችም። ክፉ ቀን ስትጠብቅ ኖራ፣ ሲመጣ ደነዘዘች። የቤቷን በር ቆለፈች፤ ሦስት ጊዜ ተመልሳ ነካችው። ስንቅ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

ሳጅን ላቀው መጀመሪያ የያዘው የጤና ጣቢያውን ዘበኛ ቸኮልን ነበር።

«ሽቦውን በጥሰሃል!»

«እኔ? የሬዲዮዬን ባትሪ ድንጋይ እንኳ የሚቀይርልኝ ጎረቤት ነው!»

ሽቦው ደኅና ነበር። ቸኮል ተለቀቀ።

ላቀው ማስተዋልንና የጤና ጣቢያውን ቴክኒሻን ዘመነን ፊት ለፊት አስቀመጠ። ቦጋለች በሩ ላይ ቆማለች። ሳጅኑ ሳጥኑን አጥፍቶ አበራው። «የዘመነ ሥራ» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አይደለሁም። የሳጥኑ አእምሮ፣ ቺፑ፣ የኛን ፊደል አያውቅም፤ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ሥዕል ተስሎ ነው የሚገባ። ቦታ ይፈጃል።»

«ታዲያ እንዴት ገባ?»

«ፕሮግራሙን ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚያዞረው ኮምፓይለር ማሳጠሪያ አለው። ከተከፈተ ቦታ እንዲገኝ ትርፍ የመሰለውን ይቆርጣል። ለመነሻ የጻፍኩትን አራት ዲግሪ ይዞ፣ አይለወጥም ብሎ ሙቀቱን ማንበብ ይተዋል። እኔ ዘግቼው ነበር። ‹እንዳትከፍቱት› ብዬም ጽፌያለሁ።»

ላቀው ሁለቱንም ላፕቶፖች አስከፈተ። ማስጠንቀቂያዋ በማስተዋል ላፕቶፕ ላይ አለች። በዘመነ ቅጂ ላይ የለችም፤ ማሳጠሪያውም ተከፍቷል።

«ማን አጠፋት?»

ዘመነን ላብ አጠመቀው። «ለሳጥኑ ምርቃት እንግዶች ከደብረ ታቦር ይመጡ ነበር። ሰው ሁሉ ማስተዋል፣ ማስተዋል ይላል። ስሜ እንዲታይ ብዬ ነው።»

«ሞክረኸዋል?»

«መለኪያውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። አራት እንዳለ ቀረ። እንግዶቹ በር ላይ ነበሩ… በኋላ አስተካክላለሁ አልኩ።»

«እሷ ስትታሰርስ?»

ዘመነ ላፕቶፑን ከደነ።

ማስተዋል ተፈታች። «እሰይ ይበሉ እንጂ፣ እናቴ» አለ ላቀው።

ቦጋለች እሰይ አላለችም። «ትናንት ገበያ የወጡ እናቶች ልጅ አስከትበዋል?»

ላቀው የጤና ጣቢያውን የክትባት መዝገብ ገለጠ። «አሥራ ሰባት ሕፃናት። እንደገና ይከተባሉ።»

«አገራቸው የት ነው?»

«ቆላው ውስጥ… ተበታትነው ሄደዋል።»

«ሁሉም ይገኛሉ?»

ላቀው መዝገቡን ዘጋው። ቦጋለች ሳጥኑን አየችው። በመስኮት የገባ ፀሐይ ያቃጥለዋል።

«4 ዲግሪ» ይላል።