የሰባት ቁጥር ኮምፒውተር

እስቲ ንገሩኝ፤ ጓደኛችሁ እናንተ ባስተማራችሁት ነገር ዜሮ ሲያገኝ፣ እጃችሁን የት ታስገባላችሁ? ጥይት ከዴስኩ ስር ከታዋለች። «ጥይት» ያሏት ኮምፒውተር ላይ ስትጽፍ የሚደርስባት ስለሌለ ነው።

«ሁለት ጥያቄ መልሶ ፈተናውን የላከ ጀግና» አለ የኮምፒውተር መምህሩ። «ያላለቀ ፈተና አላርምም፤ ዜሮ።»

ክፍሉ ሳቀ። ጀግናው በቅጥነቱ «ቀጮ» የሚሉት ጓደኛዋ ነው። በዚህ ዜሮ ክፍል ሊደግም ነው።

«ቲቸር፣ እኔ አልላክሁትም። ወደ አማርኛ ፊደል ልቀይር ኤፍ-አራት የሚለውን ቁልፍ ስነካ ሄደ።»

«ኤፍ-አራት መላኪያ ነው።»

«የተፈተንኩበት ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ግን ከፈተናው በፊት ፊደል ይቀይር ነበር።»

«አይቼዋለሁ። ሰባት ቁጥር እንደማንኛውም ኮምፒውተር ነው። ውሸቱን ተወውና ነገ ወላጅ አምጣ።»

ቀጮ ወደ ጥይት አልዞረም። ስሟንም አላነሳም።

ባለፈው ሳምንት መምህሩ ራሱ «ቁልፎቹን እንደሚመቻችሁ አስተካክሉ» ብሏቸው ነበር። ያኔ ሰባት ቁጥር ላይ ፊደል መቀየሪያውን ኤፍ-አራት ያደረገችው ጥይት ናት። «ሁለት ቁልፍ ምን አስጨነቀህ፣ አንድ ጣት ይበቃሃል» ብላ ቀጮን ያስለመደችውም እሷ ናት። የፈተናው ፕሮግራም ግን ሲሠራ ጀምሮ ኤፍ-አራትን መላኪያው አድርጎታል። አንድ ቁልፍ ሁለት ጌታ ሲመጣበት፣ ማሽኑ ለፕሮግራሙ ታዘዘ። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው የለም። ፈተናው እንዳለቀ ደግሞ መምህሩ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ወደ ነበሩበት መለሰ፤ የጥይት ሥራ ተጠረገ፣ የቀጮ ምስክርም አብሮ ጠፋ።

ለፈተናው ጥይት የደረሳት ሁለት ቁጥር ነበር። ሃያ ከሃያ አገኘች። ስትሰማው ደስ አላላትም። አሁንም አላዘነችም። ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ ይመስል ውስጧ ደንዝዟል።

አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ በክርኗ ነካቻት። «እንዳታብጂ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ጥይት ተነሳች። እግሯ የሌላ ሰው እግር መሰላት።

«ቲቸር፣ ሰባት ቁጥርን የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ሰዓቱን አየ። «እሺ። ከክፍል በኋላ ቢሮ ነይና እናወራለን።»

ቢሮ ማለት በሩ ይዘጋ፣ ነገሩም ተከድኖ ይብሰል ማለት ነው። ቀጮ ውሸታም የተባለው ግን አርባ ልጅ ፊት ነው።

እጆቿን ዴስኩ ላይ አሳረፈች።

«ቢሮ አልመጣም፣ ቲቸር» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «አስተካክሉ ያሉን እርስዎ ነዎት። ከፈተናው በኋላ ያጠፉትም እርስዎ ነዎት። ታዲያ ቀጮ የዋሸው የቱ ላይ ነው? እዚሁ፣ ሁላችንም ፊት ይመልሱልን።»