የሻኪሶው ሲቪ

የዳዳቻን አስከሬን ከጉድጓድ በገመድ ስበው ሲያወጡት ቀድሪያ መጀመሪያ ያየችው እግሩን ነው። ባዶውን ነበር። ጫማው ግን ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ፣ ካልሲው ወደ ውስጥ ተወሽቆ፣ መስጊድ በር ላይ እንደሚወልቅ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ጉድጓዱ በነጌሌ ዳርቻ የውሃ ፕሮጀክት የሚያስቆፍረው ነው፤ ገና ውሃ አልደረሰም። ዳዳቻ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር፤ የተግባር ልምምዱን እዚያ ከጀመረ ወር አልሞላውም። ለልምምዱ ያበቃውን ሲቪ የሠራችለት ቀድሪያ ናት። በጦር ካምፑ መንገድ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አባቷ የወታደር ልብስ ሰፊ ስለነበር ሲቪንም እንደ ልብስ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ በልኩ ትሠራዋለች። ተማሪው ፊቷ ሲቀመጥ፣ «ያለህን ሁሉ ንገረኝ፤ የቱ ለየትኛው እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ። የሌለህን ግን አልሰፋልህም» ትለዋለች።

በለቅሶው ድንኳን አንድ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ መዞር ጀመረ። «ልጁን የገደለው ሲቪው ነው። ጉድጓድ እወርዳለሁ ብሎ ጽፎ፣ በጻፈው ሊገኝ ሲል ቀረ።»

ወሬው እናቱ ጆሮ ደረሰ። እናቱ ቀድሪያን በነጠላዋ ጫፍ ያዘቻት። «አንቺ ነሽ የጻፍሽለት። ልጄ ዋሽቶ ነው የሞተው?»

ቀድሪያ ነጠላዋን አስለቅቃ ከድንኳኑ ወጣች። አባቱ የወርቅ ጉድጓድ ተንዶበት ስለሞተ እናትየው ዳዳቻን ከጉድጓድ አጠገብ እንዳይደርስ አስምላዋለች። እሱ ግን አንዱን ክረምት ሻኪሶ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ወርቅ ሲቆፍር ከርሟል። ይህን የነገረው ለቀድሪያ ብቻ ነው። «እናቴ ከሰማች ትሞታለች፣ እትዬ። ለማንም እንዳትነግሪ» ብሏት ነበር። ለባሏ ለዩኑስ እንኳ አልነገረችውም።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ጉያቱ መፋቂያዋን በጉንጯ ይዛ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገባች።

«አካም ቀድሪያ። ናጋ?»

«ናጋ» አለች ቀድሪያ ሰላምታዋን መልሳ።

«ለእኔስ ሹመት የሚያሰጥ ሲቪ ትሠሪልኛለሽ?»

«ያለሽን ከነገርሽኝ።»

«ያለኝ ትዕግሥት ማጣት ነው።» ጉያቱ ወንበር ሳበች። «ሐኪሙ ልጁ ጭንቅላቱን ከኋላ ተመትቷል ይላል፤ ከመውደቁ ይሁን ከሌላ መለየት አልቻለም። እኔ ያየሁት ግን እግሩን ነው። የጉድጓዱ ዙሪያ ቀይ አፈር ነው፤ እኔ እንኳ ደርሼ ስመለስ ጫማዬ ቀልቷል። የሱ ውስጥ እግር ከሳሙና የወጣ ይመስላል።»

ቀድሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አልረገጠም ማለት ነው?»

«አልረገጠም። ጫማውን ያወለቀለት ሰው አለ። አሁን የሲቪውን ነገር ንገሪኝ።»

ቀድሪያ ለዳዳቻ የገባችውን ቃል አፍርሳ ሁሉንም ተናገረች። ለዳዳቻ ሁለት ሲቪ ሠርታለች። ለሻኪሶው የወርቅ ድርጅት በሄደው ላይ፣ ግድግዳው ላይ በተቆረጠ መርገጫ በባዶ እግሩ ወደ ጉድጓድ መውረድ እንደለመደ ጽፋለች። ለውሃ ፕሮጀክቱ በሰጠችው ላይ ግን ያንን አውጥታ፣ የውሃ ልኬቱንና የኮምፒዩተር ችሎታውን ከፊት አድርጋለች፤ ፕሮጀክቱ እዚሁ እናቱ ደጅ ነውና።

«ነይ እንሂድ» አለች ጉያቱ።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ፍቅረማርያም ፋይሉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «ጉድጓድ መውረድ የሚል የለበትም፤ ይኸው። ደግሞ የእኛ ሰው የሚወርደው ቦት ጫማ አድርጎ፣ በገመድ ወንበር ነው። በባዶ እግር ማን ያወርዳል? መንግሥት አለ እኮ!»

ደጅ ላይ ሽመልስ የሚባል ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። የወታደር ልጅ ነው፤ ለዚሁ ቦታ ከዳዳቻ ጋር ተወዳድሮ ተሸንፏል፤ ሰው ፊትም ተሰዳድበዋል።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው ጉያቱ።

«ቦታው ባዶ ሆነ ብዬ... ልጠይቅ ነው የመጣሁት።» ፊቱ ቀላ። «አውቃለሁ፣ ያሳፍራል።»

«ያሳፍራል። ጉድጓድ ይወርዳል ሲባል ከማን ሰማህ?»

«ከጋሽ ዩኑስ። ድንኳኑ ውስጥ ሲያወራ። ከዚያ በፊትማ ማንም አላለም።»

ቀድሪያ ሰማችው፤ ግን ልቧ አልተቀበለውም። ባሏ ወሬ ይወዳል፤ ሹፌር ነው፤ ሹፌር ደግሞ ከየመናኸሪያው ይሰማል። እየደጋገመች ይህን ለራሷ ነገረች።

ከሁለት ቀን በኋላ ጉያቱ ሁሉንም ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰበሰበቻቸው። አቶ ፍቅረማርያም ከማሽኑ ጎን ቆመዋል። ሽመልስ በሩን ተደግፏል። የዳዳቻ እናት ወንበር ላይ፣ ዩኑስ ደግሞ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ከሚስቱ አጠገብ ተቀምጧል።

«ዩኑስ» አለች ጉያቱ፣ «ልጁ ጫማውን ለምን ያወለቀ ይመስልሃል?»

«ሊወርድ ነዋ! በባዶ እግሩ አይደል የሚወርደው? ሲቪው ላይ ራሱ...»

«የትኛው ሲቪ ላይ?»

ዩኑስ ሳቀ። «ስንት ሲቪ አለ? የሰው ሲቪ አንድ ነው።»

ቁልፉ ጣቱ ላይ መዞሩን ቀጠለ። ቀድሪያ ግን ቀና ብላ አየችው። አምስት ዓመት አብራው በልታ ጠጥታለች፤ ይህ ሰው ሥራዋ ምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃትም።

«ሁለት ነው» አለች ጉያቱ። «ለውሃ ፕሮጀክቱ የገባው ስለ ጉድጓድ አያወራም፤ አቶ ፍቅረማርያም ምስክር ናቸው። ገዳዩ ጫማውን ሲያወልቅለት፣ ልጁ ራሱ ሊወርድ ሲል የወደቀ ይምሰል ብሎ ነው። ይህን የሚያስበው የሻኪሶውን ሲቪ ያነበበ ሰው ብቻ ነው። ያ ደግሞ ኔትወርክ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ በፖስታ ታሽጎ በሰው እጅ ሄደ። ቀድሪያ፣ ለማን ሰጠሽ?»

ቀድሪያ እጇን ወደ ጎኗ፣ ወደ ባሏ ዘረጋች።

«ወደ ሻኪሶ ደወልኩ» ቀጠለች ጉያቱ። «ዳዳቻ የሚባል አልደረሰንም አሉኝ። ከነጌሌ የመጣና ጉድጓድ መውረድ የለመደ ልጅ ግን ተቀብለዋል። ስሙ ዶዮ።»

ዶዮ የዩኑስ ታናሽ ወንድም ነው። ጉያቱ ከሻኪሶ በስልኳ የተላከላትን የዶዮን ሲቪ አነበበች። ቀድሪያ ዐይኗን ጨፈነች። ቃላቱ የራሷ ነበሩ፤ ስሙ ብቻ ተቀይሯል።

«ኔትወርክ ሲመለስ ዳዳቻም ደውሎ ይህንኑ ሰማ። ወደ ፖሊስ አልመጣም፤ ለቀድሪያም አልነገራት። ስልኩ ላይ የመጨረሻው ጥሪ ላንተ ነው፣ ዩኑስ።»

ቁልፉ መሬት ላይ ወደቀ።

«ለቀድሪ ሳልነግር ነገሩን አስተካክል አለኝ» አለ ዩኑስ በቀጭን ድምፅ። «ዶዮን አስወጣው አለኝ። ጉድጓዱ ጋ ና፣ እዚያ እንነጋገር አልኩት። እንዴት አስወጣዋለሁ? ሥራ አገኘ ብላ እናቴ አገር ሙሉ ጠርታ መርቃዋለች! ጀርባውን ሲያዞርልኝ... የመኪናው ክሪክ ብረት እጄ ላይ ነበር።»

ሽመልስ ሄዶ ከዳዳቻ እናት ጎን ቁጭ አለ።

«እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?» አለች ቀድሪያ። «ለዶዮም እሠራለት ነበር።»

«ለዶዮ ምን ትጽፊለታለሽ? ምን አለው?»

«ያለውን።»

ጉያቱ ይዛው ስትወጣ ዩኑስ ወደ ሚስቱ ዞሮ «ቀድሪ» አላት። እሷ ግን ከእናትየው እግር ሥር ተንበርክካ ነበር።

«ያን ቀን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ» አለቻት። «አንድ ክረምት ሻኪሶ ጉድጓድ ወርዷል። እንዳትሰሚ ብሎ አስምሎኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ሲቪው ላይ ግን አልዋሸም። አንዲትም ቃል።»

«በባዶ እግሩ?» አለች እናትየው።

«በባዶ እግሩ።»

«እንደ አባቱ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።